ራስ የሚያሸንፉበት ሰንጠረዥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። ራስ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ለጨዋታ ሲቀመጡ ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ፣ ሎሌ ሳይቀር፣ ጨዋታውን እስካወቀ ድረስ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እንዲሰጥ ይፈቀድለት ነበር። አንዳንዱማ ከመናገር አልፎ እጁን ሰዶ ጠጠሩን እስከ ማንቀሳቀስ ይደርስ ነበር። ሶልት ይህን ሁሉ ነጻነት ከተረከ በኋላ ግን አንዲት ትዝብት ጣል ያደርጋል፤ መኳንንቱ በብልሃት እየተሸነፉ ድሉ ሁልጊዜ የራስ እንዲሆን ያደርጉ ነበር።

አንባቢ ይህችን ትዝብት በልቡ ይያዝልኝ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሰንጠረዥ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታት ጦርነት ከመግጠማቸው በፊት በጠረጴዛ ላይ የሚሞክሩበት፣ «የጦር ጨዋታ» የሚባለው ጥበብ ነው። ላለፉት 200 ዓመታት የዚህን ጥበብ አዋቂዎች ሲያስጨንቅ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ጥይትና ስንቅ ይቆጠራል፤ መንገድና ወንዝ ይለካል፤ ፍርሃት፣ ቁጣ፣ እምነት፣ የአገር ፍቅርና የመንደር ወሬ ግን በምን ይቆጠራሉ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰንጠረዥ ራሱ ጥንታዊ የጦር ጨዋታ ነው። ንጉሥ አለበት፤ ፈረስ አለበት፤ ወታደር አለበት። የእኛው አገር ሰንጠረዥ ደግሞ ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ግሩም ሕግ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ፣ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩና የራሳቸውን እየለወጡ፣ ጠጠራቸውን ባሻቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። ጦርነትን ያየ ሰው ያወጣው ሕግ ይመስላል፤ በጦር ሜዳ ጠላት ተራው እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅምና።

ይሁን እንጂ በወረራውም ሆነ ከወረራው በኋላ በሰንጠረዥ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ነገር አለ። ወታደሩ አይራብም። ፈረሱ አይደነብርም። ከጠጠሮቹ መካከል አንዱም «እኔ ስለ ምን እሞታለሁ?» ብሎ አይጠይቅም፤ አንዱም ሌሊት ተነሥቶ ወደ እናቱ ቤት አይሄድም። የጦር ጨዋታ ታሪክ፣ ይህንን የጎደለ ነገር ወደ ጠረጴዛው ለማምጣት የተደረገ ረጅም ልፋት ታሪክ ነው። ከመጣ በኋላም ስንት ጊዜ በር እንደ ተዘጋበት የሚናገር ታሪክ ነው።

ዘመናዊው የጦር ጨዋታ የተወለደው በፕራሻ ነው። በ1812 ባሮን ጌኦርግ ሊኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የመንግሥት ሹም ለንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሣልሳዊ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሠርቶ አበረከተ። በጠረጴዛው ላይ ኮረብታውን፣ ወንዙንና መንደሩን እየገጣጠሙ የፈለጉትን መልክዐ ምድር መሥራት ይቻል ነበር። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ደግሞ ጨዋታውን ከቤተ መንግሥት ጠረጴዛ አውርዶ በወረቀት ካርታ ላይ አደረገው፤ በ1824 ሕጉን በመጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም እያንዳንዱ ወገን በጦር ሜዳ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ያሳየዋል። ከኮረብታው ጀርባ የተደበቀውን ጠላት ማንም አያውቀውም። አንዱ ተራ የሁለት ደቂቃ ውጊያ ነው። የተኩሱን ውጤት የሚወስኑት ዳይስና የቁጥር ሰንጠረዥ ናቸው። የፕራሻ ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን በቀዝቃዛ ፊት ማየት ጀምረው፣ እየገፋ ሲሄድ ግን ይህስ ጨዋታ አይደለም፣ የጦርነት ትምህርት ቤት ነው እስከ ማለት ደረሱ፤ በመላው ሠራዊት እንዲዳረስም አሳሰቡ።

በአማርኛችን ለጨዋታውም፣ ቁጥር ለሚደረደርበት ዝርዝርም «ሰንጠረዥ» የምንለው በአንድ ቃል ነው። የራይስቪትስ ሥራ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ አደረጋቸው ማለት ይቻላል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቁጥሮቹ ከየት እንደ መጡ ነው። ከታላቁ የፕራሻ ጦር አሻሻይ ከሻርንሆርስት የተኩስ ሙከራዎች የተቀዱ ነበሩ። ጠመንጃና መድፍ ከተለያየ ርቀት በዒላማ ላይ እየተተኮሰ ስንቱ እንደ መታ ተቆጠረ፤ ያ ቁጥር ወደ ጨዋታው ገባ። ዒላማ ግን አይፈራም። ጎኑ ያለው ጓደኛው ሲወድቅ አያይም። በላዩ ላይ የሚተኩሰው ሰውም ቢሆን መልሶ የሚተኩስበት ስለሌለ እጁ አይንቀጠቀጥም። በመሆኑም በመጀመሪያው የጦር ጨዋታ ውስጥ ዕድል ተወክሏል፤ ጭጋግም ተወክሏል፤ ሰው ግን ገና አልገባም።

የልጅየው የራይስቪትስ ፍጻሜ ራሱ የሚያሳዝን ምስክር ነው። በፈጠራው ዝናው ሲገን የባልንጀሮቹ መኮንኖች ቅናትም አብሮ ገነነ። ከበርሊን ርቆ ወደ ቶርጋው ምሽግ ሲዛወር እንደ ግዞት ቆጠረው፤ በ1827 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። የመድፍን ጉዳት በቁጥር ያሰፈረው ሰው፣ በየትኛውም ሰንጠረዥ ባልሰፈረ ነገር ተሸነፈ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጦር ውስጥ፣ ካርል ፎን ክላውዘቪትስ የመንፈስን ኃይል የዘነጋ የጦርነት ትምህርት ሁሉ ጎዶሎ እንደሆነ እየጻፈ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው በሞተ በዓመቱ በ1832 ነው። በ1876 ደግሞ ጄኔራል ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ ዳይሱንና የቁጥር ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጎ፣ ፍርዱን ሁሉ ለልምድ ላለው ዳኛ የሚተው ጨዋታ አስተዋወቀ። ሰው የማይቆጠር ከሆነ ሰውን የሚያውቅ ሰው ይፍረድ ማለቱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ከኋላው ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ ዳኛውስ የማን ሎሌ ነው? ወደዚህ ጥያቄ እንመለስበታለን።

የቁጥሩ መንገድ ግን አልተዘጋም። በ1916 እንግሊዛዊው መሐንዲስና መኪና ሠሪ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ስለ አየር ውጊያ ባሳተመው መጽሐፍ ጦርነትን ወደ አጭር ቀመር አመጣው። በዘመናዊ መሣሪያ በሚደረግ ውጊያ የአንድ ጦር ጉልበት የሚለካው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው አለ። በምሳሌ እንየው። መሣሪያቸውና ችሎታቸው እኩል የሆኑ 1,000 እና 600 ሰዎች ቢገጥሙ፣ 600ዎቹ አንድ ሳይቀሩ ሲያልቁ ከ1,000ዎቹ 800 ይተርፋሉ። ስሌቱ እንደ ቅኔ የተዋበ ነው፤ እስከ ዛሬም የብዙ ወታደራዊ ሞዴሎች መሠረት ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን በዚህ ቀመር ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ሰው አስቡት። 599 ጓደኞቹ በዙሪያው ወድቀው ከ800 በላይ ጠላት ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ እርሱ ዛሬ ጧት እንደ ጀመረው በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው እርጋታ ይተኩሳል።

እንዲህ ያለ ሠራዊት በምድር ላይ የለም። ሠራዊት የሚፈርሰው ሰው ሲያልቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ «ሌላው ሊሸሽ ነው» ብሎ ባመነ ጊዜ ነው። አባቶቻችን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ያሉት ይህንን ነው። በዚህች አጭር ተረት ውስጥ ከላንቸስተር ቀመር የጎደለው ምልክት አለ።

እስካሁን ያነሣነው ጨዋታው ስለማያየው ነገር ነው። ቀጥሎ የምንተርከው ግን ጨዋታው አይቶ ስለ ተናገረው፣ ሰሚ ግን ስላጣው ነገር ነው።

በ1941 በቶኪዮ «የአጠቃላይ ጦርነት ምርምር ተቋም» የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ነበር። ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ከጦሩ፣ ከባንክና ከጋዜጣ የተውጣጡ ከ30 የሚበልጡ ወጣት ምሁራን ተሰብስበውበት ነበር። በዚያ ዓመት በጋ ላይ አንድ ሥራ ተሰጣቸው፤ የጃፓን መንግሥት ሚኒስትሮች ሆናችሁ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ቢጀመር የሚሆነውን ተጫውታችሁ አሳዩ ተባሉ። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንዱ የገንዘብ ሚኒስትር፣ አንዱ የጦር ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ዘይቱን ቆጠሩ፤ ብረቱን ቆጠሩ፤ የሚሰጥመውን የንግድ መርከብ ከሚሠራው ጋር አነጻጸሩ፤ የሕዝቡን ኑሮና የጎረቤት መንግሥታትን አዝማሚያ መረመሩ። በዘመኑ ከተደረጉት ጨዋታዎች ሁሉ ማኅበረሰብን እንደ ማኅበረሰብ ወደ ጠረጴዛው ካቀረቡት ጥቂቶች አንዱ ይህ ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ በመጀመሪያ ድል ይኖራል፣ ጦርነቱ ይረዝማል፣ የአገሪቱ አቅም ይሟጠጣል፣ በመጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ትገባለች፣ ጃፓን ትሸነፋለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውጤቱን በጠቅላይ ሚኒስትር ኮኖዬ ፊት አቀረቡ። የጦር ሚኒስትሩ ሂዴኪ ቶጆም በጥሞና ሲሰሙና ሲጽፉ ነበር ይባላል። ተሳታፊዎቹ ኋላ እንደ ተናገሩት የቶጆ መልስ እንዲህ ያለ ነበር፤ ጥናታችሁ የሚመሰገን ነው፣ ነገር ግን የወረቀት ላይ ልምምድ ነው፤ ከሩሲያ ጋር ስንዋጋም እናሸንፋለን ብለን አልነበረም፣ ሆኖም አሸነፍን፤ ጦርነት ባልታሰበ ነገር ይወሰናል፤ ይህንንም ወደ ውጭ አታውሩ። ጥቂት ሳምንታት አለፉና ቶጆ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ ፐርል ሃርበር ተመታ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቶጆ ቁጥርን የተከራከሩት በምን ነው? በሰው መንፈስ ነው። እኛ ደግሞ እስካሁን ቁጥርን ስንወቅስና መንፈስን ስናወድስ መጣን። እንግዲያስ ቶጆ ትክክል ነበሩ ማለት ነውን? አይደለም። ስሕተታቸው መንፈስን መቁጠራቸው አይደለም፤ የአንዱን ወገን መንፈስ ብቻ መቁጠራቸው ነው። የጃፓን ወታደር ጽናት ስፍር እንደሌለው ተቆጠረ፤ በገዛ ወደቡ የተመታ የአሜሪካ ሕዝብ የሚያነሣው ቁጣ ግን ከባዶ ተቆጠረ። «የሰው ጉዳይ» የሚባለው ነገር ከሒሳብ ማምለጫ ሲሆን ከቁጥሩ የባሰ ሐሰተኛ ይሆናል። ለዚህ ሐሰት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ጃፓናውያን ነፍሳቸውን ከፈሉ።

የዳኛው ጥያቄም በዚያው አገር መልሱን አገኘ። በግንቦት 1942 የጃፓን ባሕር ኃይል የሚድዌይን ዘመቻ «ያማቶ» በተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ አስቀድሞ ተጫወተው። ከጦርነቱ በኋላ ፉቺዳና ኦኩሚያ የተባሉት መኮንኖች በጻፉት መጽሐፍ እንደ ተተረከው፣ በጨዋታው መካከል የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መቱ። ዳኛው ዳይሱን ጥሎ ዘጠኝ ቦምብ እንዳገኛቸው፣ «አካጊ» እና «ካጋ» እንደ ሰጠሙ ፈረደ። የጨዋታው የበላይ አድሚራል ኡጋኪ ግን ዘጠኙን ወደ ሦስት ዝቅ አደረጉት፤ «አካጊ» ተረፈች፣ «ካጋ» ብቻ ሰጠመች። ኋላ በሚቀጥለው የጨዋታ ምዕራፍ «ካጋ»ም ከባሕር ወለል ተነሥታ ስትዘምት ታየች። ኡጋኪ ለውሳኔያቸው ሙያዊ ምክንያት ነበራቸው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ያልተከራከሩበት ነገር ግን አንድ ነው። ሰኔ 4 ቀን 1942 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በእውነተኛው ባሕር ላይ ሲደርሱ ከተመቱት መካከል «አካጊ» እና «ካጋ» ነበሩበት፤ ጃፓን በዚያ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጣች። እውነተኛው ባሕር የሰጠመውን መልሶ አይሰጥም።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። የጦር ጨዋታ ዳኛ ግን ሥራው ንጉሥን መክሰስ ነው። ይህ ካልተፈቀደለት ዳይሱን ባይጥለው ይሻላል።

ከ20 ዓመታት በኋላ ተራው የአሜሪካ ሆነ። በመስከረም 1964 በፔንታጎን ውስጥ «ሲግማ» የሚል ስም ከተሰጣቸው ተከታታይ የጦር ጨዋታዎች አንዱ ተካሄደ። ከተሳታፊዎቹ መካከል የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪ ማክጆርጅ በንዲና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ ይገኙ ነበር። ጥያቄው ሰሜን ቬትናም በቦምብ ደረጃ በደረጃ ብትደበደብ እጇን ትሰጣለች ወይ የሚል ነው። የጦሩ አለቆች 94 ዒላማዎችን የያዘ ዝርዝር ነበራቸው። የሐኖይን መንግሥት ሆነው የሚጫወቱት የ«ቀይ ወገን» ሰዎችም አሜሪካውያን ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ነበሩ። ሆኖም በሌላው ሰው ወንበር መቀመጥ ዓይን ይከፍታልና፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ሆነ። አገሪቱ የገበሬ አገር ናት፤ ቢመቱት ኑሮዋን የሚያቆመው ፋብሪካ ጥቂት ነው። ሕዝቡ የፈረንሳይን ጦር ካስወጣ ገና አሥር ዓመቱ ነው። አሜሪካ አንድ ደረጃ ስትወጣ ቀይ ወገንም አንድ ደረጃ ወጣ። ጨዋታው ሲያልቅ የታየው ነገር ቦምቡ የሐኖይን ልብ እንደማይሰብር፣ አሜሪካም ማብቂያው ወደማይታይ የምድር ጦርነት እንደምትሳብ ነበር።

በመጋቢት 1965 የቦምብ ዘመቻው በይፋ ተጀመረ። በ1969 በቬትናም የነበረው የአሜሪካ ጦር ከ540,000 በላይ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቬትናማውያን አልቀው ነበር። ጨዋታው አልዋሸም፤ የሚሰማው ጆሮ አጣ እንጂ።

ከዚሁ ዘመን የተረፈች አንዲት ወግ አለች። የስለላና የሽምቅ ውጊያ አዋቂ የነበረው ጄኔራል ኤድዋርድ ላንስዴል እንደ ተረከው፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ጦርነቱ የሚለካባቸውን ነገሮች በዝርዝር ጽፈው አሳዩት። ላንስዴል አየና አንድ ነገር ጎድሏል አለ። ማክናማራ እርሳሳቸውን አንሥተው ከዝርዝሩ ግርጌ ያልታወቀውን ነገር በአንድ ፊደል አመለከቱና ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። «የቬትናም ሕዝብ ስሜት» ነው አላቸው። ያች በእርሳስ የተጻፈች ፊደል የዚህ ሁሉ ታሪክ ማጠቃለያ ትመስለኛለች። ሌላው በቀለም ሲጻፍ ሕዝቡ በእርሳስ ተጻፈ።

ኋላ ግን ያንንም ስሜት ለመቁጠር ተሞከረ። ከ1967 ጀምሮ በደቡብ ቬትናም 12,000 ገደማ መንደሮች በየወሩ እየተገመገሙ ማርክ ይሰጣቸው ጀመር። አሜሪካውያን የወረዳ አማካሪዎች 18 መመዘኛዎች ያሉት ቅጽ እየሞሉ ይልካሉ፤ ኮምፒዩተሩ ይደምርና እያንዳንዱን መንደር ከተረጋጋው እስከ ጠላት እጅ እስከ ወደቀው በፊደል ይመድበዋል። ሥራው በቅንነት የታሰበ ነበር፤ የኅብረተሰብን ኑሮ ወደ ሞዴል ለማስገባት ከተደረጉት ታላላቅ ሙከራዎች አንዱም ነው። ነገር ግን መንደሩን የሚገመግመው አማካሪ የሚገመግመው የራሱንም የሥራ ውጤት ነበር። ገበሬውም ቢሆን ቀን ለመጣው አንድ ፊት፣ ሌሊት ለመጣው ሌላ ፊት ያሳይ ነበር፤ ሁለቱም ፊቶች የእውነት ነበሩ። በ1967 መጨረሻ 67 በመቶው ሕዝብ በጸጥታ ሥር ነው ተባለ። በጥር 1968 መጨረሻ፣ በቬትናም አዲስ ዓመት በዓል ሰሞን፣ ከ100 በላይ ከተሞች በአንድ ጊዜ ተመቱ።

ማክናማራ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ለሽንፈቱ 11 ምክንያቶችን ቆጥረዋል። ከእነዚህ አንዱ የአገር ፍቅር ስሜት ሕዝብን ለመሥዋዕትነት ለማነሣሣት ያለውን ኃይል አሳንሰው መገመታቸው ነው። በእርሳስ የተጻፈችው ፊደል ከ30 ዓመታት በኋላ በቀለም ተጻፈች ማለት ነው። ለሙታን ግን አልደረሰችም።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። በሰኔ 1999 በጄኔራል አንቶኒ ዚኒ አዛዥነት በኢራቅ ጉዳይ አንድ የጦር ጨዋታ ተደረገ። የሳዳም ሁሴን መንግሥት ቢወድቅ ምን ይከተላል የሚለውን ያጠና ነበር። 400,000 ወታደር የታሰበበት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ አገሪቱ በጎሳና በሃይማኖት ልትከፋፈል፣ ጎረቤቶቿም እጃቸውን ሊያስገቡ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ጦርነቱ በ2003 ሲመጣ፣ በጡረታ ላይ የነበሩት ዚኒ ስለዚያ ጥናት ቢጠይቁ የሚያስታውሰው ሰው አላገኙም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 ክረምት 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሌላ ታላቅ ጨዋታ ተካሂዶ ነበር። ቀይ ወገንን የመሩት ጡረተኛው ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር በሬዲዮ ፈንታ በሞተር ብስክሌት መልእክተኛ እየላኩ፣ ትናንሽ ጀልባና ሚሳኤል በአንድ ጊዜ አዝንበው 16 የጦር መርከቦችን አሰጠሙ። ምን ሆነ ቢሉ፣ መርከቦቹ እንዲንሳፈፉ ተደረገ፤ የቀይ ወገንም እጅ ታሰረ። ቫን ራይፐር ትተው ወጡ። «ካጋ» በ60 ዓመቷ ዳግም ተነሣች።

በነሐሴ 2021 ደግሞ በወረቀት ላይ 300,000 ይባል የነበረው የአፍጋኒስታን ጦር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ፤ ካቡል ያለ ውጊያ ተያዘች። የአውራጃ ሹማምንት እየተደራደሩ እጅ ሲሰጡ፣ የአንዱ መስጠት ወሬ ለሌላው ሲደርስ፣ ወሬው ከጦሩ ቀድሞ ሄደ። ከስድስት ወር በኋላ በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ኪየቭ በቀናት ውስጥ ትወድቃለች ተብሎ ተገመተ፤ አልወደቀችም። መሣሪያ ቆጣሪው በመጀመሪያው ከልኩ በላይ፣ በሁለተኛው ከልኩ በታች ገመተ። ሁለቱንም ጊዜ ያሳሳተው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ስለ ማን ብለው እንደሚሞቱ አልጠየቀም።

የሙያው ሰዎች ይህን ጉድለት አያውቁም ማለት አይደለም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2018 «የመዋጋት ፈቃድ» በሚል ርእስ ሰፊ ጥናት አሳትሞ፣ አብዛኞቹ ወታደራዊ ሞዴሎችና ጨዋታዎች ይህንን ፈቃድ ጨርሶ እንደማይወክሉ ወይም በበቂ ሁኔታ እንደማይወክሉት አመልክቷል። ዛሬ እያንዳንዱን ትንሽ የጦር ክፍል ድካም፣ መተማመንና ፍርሃት አስይዞ በኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅሱ፣ የሕዝብን ዝምድናና ወሬ እንደ መረብ የሚስሉ ሞዴሎች ይሠራሉ። ልፋቱ የሚናቅ አይደለም። ባዶ ቦታ ከመተው ግምት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ባዶ ቦታ ማለት በተግባር ዜሮ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ የመንደሮቹን ማርክ አንርሳ። ፍርሃት በቁጥር ከተጻፈ በኋላ ቁጥሩ ፍርሃቱን የሚያውቅ ይመስለናል። ከዚያም በላይ ሰው የተነገረለትን ትንቢት ሰምቶ መንገዱን የሚለውጥ ፍጡር ነው፤ ድንጋይ ወደ ታች እንደሚወድቅ ቢነገረው ያው ይወድቃል፣ ሕዝብ ግን ትሸነፋለህ ሲባል አንዳንዴ በዚያው ቀን ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምቀስመው ትምህርት እንግዲህ ሰው አይቆጠርም የሚል አይደለም። በቶኪዮ ያሉት ወጣቶች፣ በፔንታጎን ያለው ቀይ ወገን፣ በኢራቅ ጉዳይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች፣ ፍጹም በሆነ መሣሪያ ሳይሆን በሐቀኝነት ብቻ ነገሩን ቀድመው አይተውታል። ወደ ሞዴሉ ለማስገባት እጅግ የከበደው ሰው በጫካ ያለው ሸማቂ ወይም በመንደር ያለው ገበሬ አልነበረም። ከጠረጴዛው ራስጌ የተቀመጠው፣ ጨዋታውን ያዘዘው፣ ውጤቱን ከመስማቱ በፊት የወሰነው ሰው ነው። የእርሱ ኩራት፣ የእርሱ ተስፋ፣ የእርሱ እልህ በየትኛውም ሰንጠረዥ አልሰፈረም፤ የሰጠሙትን መርከቦች ግን ከባሕር ያወጣው እርሱ ነው።

ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ እንመለስ። ሎሌው ሳይቀር ሐሳቡን ጮክ ብሎ የሚሰጥበት ያ አዳራሽ፣ እውነት ለመናገር፣ ከብዙ ዘመናዊ የጦር ጨዋታ ክፍሎች የሚበልጥ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ዝምታ የለበትም። ሆኖም ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ራስ ያሸንፋሉ። በጨዋታ ምሽት ይህ የአክብሮት ወግ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ጠጠሮቹ ተሰብስበው ወደ ከረጢታቸው ይገባሉ፤ ነገ እንደ ገና ይሰለፋሉ። ጦርነት ግን ጠጠሮቹን አይመልስም። ከራስ ፊት ተቀምጦ «ጌታዬ፣ ይህን ጨዋታ ተሸንፈዋል» የሚል አንድ መኳንንት ያለው አገር፣ ያን ቀን የስንቱን እናት ልጅ እንዳተረፈ ራሱም አያውቀውም።